ከዳዊቱ ጠርዝ የፋቅሽው

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? የግፊት ኪኒንሽን ሳታቋርጪ ትውጫለሽ ወይ? ባለቤቴ ሰላም ይልሻል። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ላይ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ነበረብኝ፤ የአሥራ አንድ ቀን ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ግን፣ ይኸው አራት ወር ሙሉ፣ ይቺ ቃል ከአፌ አልወጣ ብላኛለች። ሰላምታው ይብቃንና ወደ ንዴቴ ልግባ። ተናድጄብሻለሁ እማዬ፤ አንጀቴ ነው ያረረው።

የአባዬን ዳዊት ላኪልኝ ያልኩሽ ለጌጥ አልነበረም። ነፍሱን ይማረውና፣ ሰዓት ሲጠግን ከጆሮው ላይ በማይለየው በዚያ ሹል እርሳሱ በየመዝሙሩ ጠርዝ ይጽፍ እንደነበር አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያደረገለትን ከነቀኑ ይመዘግባል። መጸለይ ቢያቅተኝ የእሱን ላንብብ፣ ለቤታችን ምን ዓይነት አምላክ እንደነበር ላስታውስ ብዬ ነው። ደረሰኝ፣ ከፈትኩት። "ዓይኔን አዳንክልኝ፣ ዛሬ ትንሿን ብሎን አየኋት" ይላል። "ጣሪያው ሲወድቅ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ አንተ ነህ" ይላል። ምስጋና፣ አሁንም ምስጋና። በመሀል በመሀል ግን ወረቀቱ ሻክሮ ጠቁሯል። በላጲስ ፍቀሽዋል!

ደውዬ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? አባትሽ በንዴት የጻፈው አጉል ነገር ነው፣ ለልጅ አይሆንም አልሽኝ። ለልጅ! ሠላሳ አራት ዓመቴ እኮ ነው። ከዚያም ስልኩን ዘጋሽው። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። በቀብሩ ዕለትም ለምን ብዬ ስጮህ ክንዴን ጨምድደሽ ይዘሽ፣ ዝም በይ፣ እግዚአብሔር ለምን አይባልም አልሽኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ዝም አልኩ። እስከ ሰሞኑ ድረስም ዝም እንዳልኩ ነበርኩ።

ለመሆኑ ዳዊት የምትደግሚው ሳታነቢው ነው እንዴ? እስቲ ሰባ ስድስተኛውን አውጪው። ሰውየው በጩኸት ይጀምራል፤ መጽናናት እንቢ ይላል። እንቅልፍ አጥቶ፣ ምሕረቱ አለቀች ወይ፣ ቸርነቱን ረሳ ወይ እያለ ይሞግታል። የድሮውን ተአምራት፣ ባሕሩን ያሻገረበትን ቀን የሚያስታውሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ጩኸቱን ፍቀሽ ትዝታውን ብቻ ላክሽልኝ። እኔ እንደሆንኩ ገና ጩኸቱ ላይ ነኝ።

እልህ ያዘኝና መጽሐፉን ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። የራጅ ፊልም በምናይበት የመብራት ሰሌዳ ላይ ገጹን ዘረጋሁት። አባዬ ሲጽፍ እርሳሱን እንደሚጫን ታውቂያለሽ፤ ቀለሙ ቢሄድም ጭረቱ አልሄደም። አንድ በአንድ ለቀምኩት። "ስንት ጊዜ ልጥራህ? ጆሮህ የት ነው?" ይላል። "ዛሬ ተኳርፈናል" ይላል። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ። ያ ዝምተኛ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ይኳረፍ ነበር! ከእያንዳንዱ ኩርፊያ በታች ደግሞ፣ አንዳንዴ ከሳምንት፣ አንዳንዴ ከዓመት በኋላ፣ አንቺ ያልነካሽው ምስጋና አለ። የተቆጣውን ሰው ጥሎ የማይሄድ አምላክ መሆኑን ያወቅኩት ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ ነው።

አንዱ ገጽ ግን ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ከሁሉ አብልጠሽ የፋቅሽው እሱን ነው። ጽሑፉም የአባዬ አይደለም። ወደ ግራ የሚያዘነብለውን ፊደል ከደብዳቤዎችሽ ሁሉ አውቀዋለሁ። "ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ምን አድርጌህ ነው?" ይላል። ቀኑ እኔ ከመወለዴ በሁለት ዓመት ይቀድማል። ከሥሩ በአባዬ እጅ፣ እኔ በተወለድኩበት ቀን፣ "ሴት ልጅ። ታለቅሳለች! ታለቅሳለች! ተመስገን" ተብሎ ተጽፏል። ሆስፒታሉን በልቅሶሽ አናወጥሽው እያለ አባዬ ሲኩራራ፣ የልጅ ልቅሶ ምን ያኮራል ብዬ እስቅበት ነበር።

ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን፣ እማዬ? እኔ ባዶ እቅፌን ይዤ ፊትሽ ስቆም፣ ያን ጊዜ እንኳ አንዲት ቃል አቃተሽ? ከመፋቁ ይልቅ የተናደድኩት በዚህ ነው። የምሳ ሰዓት ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። በሩን ቆለፍኩና እግዚአብሔርን ለምን አልኩት። የአራት ወሩን ሁሉ ዘረገፍኩበት፣ ድምፄ እስኪዘጋ። ስጨርስም እዚያው ነበር።

የሚመጣው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ምንም አታሰናጂ፤ አጠገቤ ቁጭ በይና ንገሪኝ። ወንድሜ ማንን ይመስል እንደነበር፣ የት እንዳስተኛችሁት፣ ስም አውጥታችሁለት እንደሆነ። እስክትጨርሺ እሰማሻለሁ።

እስከዚያው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ወጥተሽ እስክትገቢ እሱ ይጠብቅሽ።

የምትወድሽ
ሁለተኛ ልጅሽ