ቁጥር የሌለው ጠርሙስ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20
ከጠዋት ጀምሮ በቀበሌው መድኃኒት ቤታችን የሳል ሽሮፕ ወረፋ። ሰዉ ሁሉ ጠርሙሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ከመደርደሪያው ትልቅ ጠርሙስ እቀዳለሁ። ሲጎድል ከጀሪካን እሞላዋለሁ። እጄ ተጣብቆ ዋለ።

5 ሰዓት ላይ ከበላይ መ/ቤት ደብዳቤ። አንድ የምርት ቁጥር ያለው ሽሮፕ ሕፃናት ጎድቷል፤ ቁጥሩ ያለበት ጀሪካን ሁሉ ዛሬውኑ ይመለስ፤ ሌላውን መስጠት ቀጥሉ። አለቃዬ ጋሽ ዳምጠው ሦስት ጀሪካን ለቅመው፣ አስፈርመው፣ ከምሳ በፊት ላኩ። ሌላ ጊዜ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ ሳምንት ያድራል። ዛሬ ምን አጣደፋቸው?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22
ምሳ ሰዓት። ጋሽ ዳ. በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው በጓሮ በር ወጡ፤ ወደ ሜክሲኮ። ጋዜጣው ተቀዶ ቢጫ ፕላስቲክ አየሁ። ጀሪካን ነው። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ። አልጠየቅኳቸውም። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25
የጎረቤቴ የወ/ሮ ከድጃ ልጅ፣ ሶፊያ፣ ሆስፒታል ገባች። ገና ሁለት ዓመቷ። ሽንት እምቢ ብሏታል፤ ፊቷ አባብጧል። ሽሮፑን ሐሙስ ዕለት የቀዳሁላት እኔ ነኝ።

መጥፎው ሰኞ ከተመለሰ ይሄ ከየት መጣ? አሰብኩ፣ አሰብኩ። ገባኝ። ዳምጠው አንድ መጥፎ ጀሪካን አስቀርቷል። ጥሩውን ሜክሲኮ ላሉ የግል መድኃኒት ቤቶች ሸጦ፣ መጥፎውን ለእኛ ሰፈር ልጆች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አልለውም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27
ቀበሌ ሄድኩ። ለጓድ ሊቀመንበሩ ነገርኩት። በዓይንሽ አይተሻል ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ብሎ ጻፈ። ቃሉን ሲጽፈው ልቤ ድንግጥ አለ፤ በዚያ ቃል የሄደ ሰው ቶሎ አይመለስም።

ማታ። የቀበሌ ጥበቃዎች የዳምጠውን ቤት ፈተሹ። አልጋ ሥር ቢጫ ጀሪካን፤ መጥፎው ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ውስጡ ላምባ። ሰውየውንም ይዘውት ሄዱ። አላልኩም? ደስ አለኝ። ይጻፍ፤ ደስ ብሎኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 1
ልደታ። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይካፈላል። የዳ. ሚስት በሯን ዘግታ ዋለች። ማንም አላንኳኳም፤ እኔም አላንኳኳሁም።

የልብስ ሰፊው ልጅ ታመመ። እንደ ሶፊያ። ሽሮፑን የወሰዱት ትናንት ነው። ትናንትማ ዳ. እስር ቤት ነው። ታዲያ ማን? የጽዳት ሠራተኛዋን ጠረጠርኩ። ዘበኛውን ጠረጠርኩ። የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
ፍርድ ሸንጎ። አዳራሹ ሞልቷል። ወ/ሮ ከድጃ ከፊት ተቀምጣለች፤ ከሆስፒታል ነው የመጣችው። ሶፊያ ዓይኗን አልገለጠችም።

ዳ. ጀሪካኑን ባዶውን ነው ወደ ቤቴ የወሰድኩት አለ፤ ላምባ መያዣ አጥተን ነው አለ። ደብዳቤው ሳይመጣ ተቀድቶ ያለቀ ነው አለ። ውስጡ የት ገባ ሲሉት ዞር ብሎ አየኝ። ለምን እኔን? ሊቀመንበሩ ጀሪካን ማን ይገለብጣል ብሎ ጠየቀ። እኔ አልኩ። የትኛውን ቁጥር መቼ? አላስታውስም አልኩ። አለፉኝ። ውሳኔ ሐሙስ። ጥፋተኛ ከተባለ ለበላይ ይተላለፋል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል
የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጠርሙሷን ዘረጋች። ትልቁን ጠርሙስ አነሳሁ። እጄ እዚያው ቀረ።

ይሄ ጠርሙስ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እንዳይባክን ብዬ አዲሱን በአሮጌው ላይ እገለብጣለሁ። ታጥቦም አያውቅ። ቁጥርም የለው። ደብዳቤው ጀሪካን አለ፤ እኛም ጀሪካን ለቀምን። ይሄን ማንም አላየው። መጥፎውን ጀሪካን እዚህ ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ። አሁን አስታወስኩ። ባዶውን ጓሮ የወረወርኩትም እኔ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ጋሽ ዳምጠው ይሄን አውቀው ነው ያዩኝ። አውቀው ዝም አሉ። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩባቸው።

ሴትየዋን አልቋል ብዬ መለስኳት።

4 ሰዓት
በሩን ዘግቻለሁ። ጠርሙሱ ፊቴ ነው። የእጅ መታጠቢያው ሁለት እርምጃ። ብደፋው ማንም አያውቅም። ከተናገርኩ አሻጥሩ የእኔ ነው። ፈራሁ። አልደፋውም። ነገ ሸንጎው ሳይቀመጥ ይዤው እገባለሁ። ዛሬ ግን ቤት ለቤት። የሰጠሁትን ሁሉ ከየቤቱ እለቅማለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የወሰዱ፦

ወ/ሮ ከድጃ።
ልብስ ሰፊው።
ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ መንታ ያላት።
የመምህሩ ሚስት፣ ሁለት ጊዜ።
የቆርቆሮ ሠሪው እናት፤ ለልጅ ልጃቸው።
አንዲት አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች፤ የዘይት ጠርሙስ ይዛ፣ ሕፃን አዝላ። አዲስ ፊት ናት። ስሟን አልጠየቅኳትም። ከየት ሰፈር እንደመጣችም አላውቅም።