ድንጋዩን ማን ይሸከም

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ
የአንዲት ሴትዮ የልብስ ስፌት መኪና ጠገንኩ። ሠራ። ሌላውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ደብተሬ። መቅደስ፣ የታላቅ ወንድሜ ልጅ፣ 11ኛ ክፍል፣ በገዛ እጇ ክንዷን ስትጎዳ ከርማለች። መምህርቷ አይታ፣ ት/ቤቱ አባቷን አስጠራ። የሮቤ ብርድ ሁሉንም ሹራብ ያስለብሳል፤ ማን ይጠረጥራል? ጋሼ፣ ወንድሜ፣ አዋረደችኝ ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ሲቆጣ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ከዚያ ለሳምንት ሚስቱን አያናግርም። እኔ እንደ ልማዴ ከቤታቸው በር ላይ መቅደስን በቀልድ ጀመርኳት፦ "ፕሮፌሰር፣ ራቴን በላሽብኝ?" ማንም አልሳቀም። እኔም ምንም አልተሰማኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ጎረቤታችን ሐጂ ከድርና ሁለት የሰፈር አዛውንት። የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፦ አባትና ልጅ ከተቀያየሙ ልጅ ድንጋይ ተሸክማ እግር ላይ ትወድቃለች። ተሸከመች። "አባዬ ይቅር በለኝ።" ይቅር አለ። መረቅናት፣ ተበላ። ያገጣጠምኩት እኔ ነኝና ኮራሁ። ሐጂ ሲወጡ ክንዴን ያዙኝ፦
"ኢንተላ ኬኛ፣ ልጃችን፣ ምን አጥፍታ ነው ይቅርታ ያስጠየቅናት?"
ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ደገመች። እናቷ እኔ ቤት ትሰንብት ብላ አመጣቻት። ሱቄ ውስጥ ብሎን እየለየች ተቀመጠች። ጠየቅኳት። አባዬ ሲጮህ እማዬ ዝም ትላለች፣ እኔም ዝም እላለሁ፣ ንዴቱ ግን የትም አይሄድም አለች። በአባት ላይ አይቆጡም። የቀረላት የራሷ ገላ ነው። "አንተም ትቀልዳለህ፣ አጎቴ።" ያለ ክፋት፤ ሰዓት እንደምትነግረኝ። ብሎኑን ለይታ ጨረሰች። ሌላ ጣሳ አቀበልኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
መቅደስን ይዤ በሚኒባስ ጎባ። ሆስፒታል። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ብቻዋን አነጋገረቻት። ደጅ ቁጭ አልኩ፣ ግድግዳ አየሁ። መቅደስ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ራበኝ አለች። ሳምቡሳ ገዛሁላት፣ የእኔንም በላች። ሐሙስ አባቷም ይምጣ ተባልን፤ የቤቱ ቁጣ እንዳለ ከሆነ እሷን ብቻ ማከም አይበቃም። ለጋሼ ነገርኩት። እኔ እብድ አይደለሁም አለ። ደግሞም ገሰራ ያለው ስንዴዬ የማጨጃው ኮምባይነር ተራ ደርሶታል አለ። ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት
የሱቄን በር የምደግፍበትን ድንጋይ አነሳሁ። ይከብዳል። ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ የቆመን ታናሹን ጋሼ አይመልስም፤ ሽማግሌ እያየው አይደፍርም። የምለምነው ምሕረት አይደለም። ስንዴውን ትቶ ጎባ እንዲሄድ ነው። ሐጂ ጋሼ በር ላይ ይጠብቁኛል፤ ዛሬ የምንጠይቀው አባትየውን ነው ብለዋል።
መቅደስ ነቅታ አየችኝ።
"አጎቴ፣ ምን አጥፍተህ ነው?"
ቀልዱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። አባትሽን ልለምነው ነው አልኳት።
ሹራቧን አጠለቀች። እኔም እመጣለሁ አለች።
ነይ። አንቺ ግን ምንም አትሸከሚም አልኳት።