የዶክተር መሸሻ መዝገቡ ዕረፍትና ሐኪም ያጣው የሐሙስ ምርመራ

ከኮልፌ ቀራንዮ የእንቅጥቃጤና የጡንቻ መኮማተር ሕሙማን መረዳጃ ማኅበር

የማኅበራችን መሥራችና ብቸኛ ሐኪም፣ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቱ ዶክተር መሸሻ መዝገቡ ባደረባቸው ሕመም ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ማኅበሩ በዚህ ዓመት ኀዘን ሲያስታውቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የአሁኑን ግን ለመሸከም ዐቅም አንሶናል።

ዶክተር መሸሻ በ2003 ዓ.ም. ከመንግሥት ሆስፒታል በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ፣ አየር ጤና በተከራየነው ክፍል ሐሙስ ሐሙስ ሕሙማንን ያለ ክፍያ ሲመረምሩ ኖረዋል።

በ2005 ዓ.ም. ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሥልጠና ሰጥተዋል። ዕቃ ሲያነሣ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ዐርፎ ሳለ ከሚንቀጠቀጠው እንዲለዩ፣ የሁለቱም መድኃኒት አንድ እንዳልሆነ፣ እጁ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ጠጪ እንዳይባል አስተምረዋል።

በ2009 ዓ.ም. የአስኮዋ ነዋሪ ወይዘሮ ትርንጎ አንገታቸው ወደ ጎን ተጠምዝዞ፣ የሰው ዐይን ፈርተው ቤት ከዋሉ በኋላ ወደ ማኅበሩ መጡ። ዶክተሩ አስቀድመው የጠየቁት ስለሚወስዱት መድኃኒት ነበር፤ አንገት የሚያጣምም መድኃኒት አለና። መንሥኤው እርሱ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ታዘዘላቸው። ወይዘሮ ትርንጎ መርፌውን በየሦስት ወሩ እየተወጉ ወደ ገበያም ወደ ጽዋ ማኅበርም ተመለሱ።

መርፌው የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ማኅበሩ ተተኪ ሐኪም ፍለጋ ለዓመታት ደጅ ጠንቷል፤ ዛሬም አላገኘም። የወይዘሮ ትርንጎ ቀጣይ ቀጠሮ በየካቲት ነው። ማን እንደሚወጋቸው አናውቅም። መርፌውን መውጋት የሚያውቅ ሐኪም ካለ እንዲደርስልን በፈጣሪ ስም እንጠይቃለን።

አባላት መድኃኒታችሁን በገዛ ፈቃዳችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቋረጥ ለከፋ አደጋ ይዳርጋል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ማራኪ፣ ለልጃቸው ለአቶ ቀዳማዊ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውም ሁሉ መጽናናቱን ይስጥልን።

ለቅሶው ዘነበወርቅ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ነው። የዕድሩን አስተናጋጆች አንድ ነገር እንለምናለን፤ ለእንግዳ ሁሉ ብርጭቆው በግማሽ ይቀዳ። ሞልቶ መቅዳት ክብር መሆኑ አልጠፋንም። ነገር ግን ውኃው በሰው ፊት እንዳይፈስሳቸው ሠግተው ከለቅሶ የሚቀሩ አባላት አሉን። ለሁሉም እኩል ከጎደለ ሕመምተኛው ማን እንደ ሆነ አይለይም። ሐኪማቸውን ሳያፍሩ ያልቅሱ።