ሃምሳ ሁለተኛው መስመር ላይ ስለተገኘችው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ተሳስቶ ለማያውቀው ፕሮግራምዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ የቀዶ ሕክምና ተጠባባቂዎችን ዝርዝር በየሳምንቱ የምተይብ፣ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ወንበር የተቀመጥሁ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት በእጅ የሰጠሁዎት ሁለት ደብዳቤዎች ምናልባት መንገድ ስተው ይሆናል ብዬ እንጂ እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ በትሕትና እገልጻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራምዎ የላክሁለትን ዝርዝር ያነብና ጉድለት ሲያገኝ «መስመር 52 ስህተት አለበት» ይለኛል። በፊርማዎ የወጣው መመሪያ ደግሞ በተጠቀሰው መስመር ላይ ያለውን ሰው የደም ምርመራ ውጤት ሰርዤ፣ ታካሚው እንደ አዲስ ደም እንዲሰጥ እንድጠራው ያዝዘኛል። ታዛዥ ነኝና ሃምሳ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለችውን ልብስ ሰፊ በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ጠራኋት። በሦስተኛው «እህቴ፣ እንደ እህትሽ አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ፤ የደበቃችሁኝ በሽታ አለ?» አለችኝ። ወረቀት የምፈልግ መሰልሁ።

በዚያው ቀን ዝርዝሩን አትሜ በእርሳስ ቆጠርሁ። ዋና ነርሷ ዓይን እንዲያርፍበት ስለምትወድ ከአንዱ የሕክምና ክፍል ወደ ሌላው ስሻገር አንድ ባዶ መስመር እተዋለሁ። በእኔ ኮምፒውተር ባዶውም መስመር ይቆጠራል፤ የእርስዎ ፕሮግራም ግን እየዘለለ ያልፈዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍል እንስማማለን፣ በሁለተኛው በአንድ እንለያያለን፣ ስድስተኛው ላይ ስንደርስ በአምስት ተራርቀናል። የፕሮግራምዎ ሃምሳ ሁለተኛ ለካ የእኔ ሃምሳ ሰባተኛ ኖሯል፤ እርሱም ዕድሜው ሳይጻፍ የቀረ አንድ ሹፌር ነው። የልብስ ሰፊዋ ውጤት አንድም እንከን አልነበረበትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው፦

አንደኛ፤ የፕሮግራሙ መመሪያ «መስመሮች በተለመደው መንገድ ይቆጠራሉ» ይላል። በማን ዘንድ የተለመደ እንደሆነ አለመጻፉን የዝንጉ ሰው ሥራ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

ሁለተኛ፤ የላኩልኝ ባለሙያ ሹፌሩ ድረስ በጣቱ ቆጥሮ ፊት ለፊቴ «ሃምሳ ሰባት» አለ። ወዲያው ስልክ ተደወለለትና ኮሪደር ወጣ። ሲመለስ ያው ሹፌር ሃምሳ ሁለተኛ ሆኖ ቆየው፤ ልዩነት የሚባል ነገር ከቶ እንዳልነበረም ማለልኝ። የደወለለት ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እርስዎም እንዲጠይቁት አላስቸግርዎትም።

ሦስተኛ፤

አራተኛ (ሦስተኛው ባዶ ስለሆነ በእርስዎ ቤት ይህ ሦስተኛ ነው)፤ ካመለከትሁ በኋላ ማስጠንቀቂያው ተሻሽሎ «መስመር 52 አካባቢ ስህተት አለ» ማለት ጀምሯል። ለዚህ ፈጣን መፍትሔ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሐኪሞቻችንም ከእርስዎ ተምረው «ሆድ አካባቢ ነው» እያሉ ቢላ እንዳያነሡ ብቻ እሰጋለሁ። ዓይኔ እንዲመረመር ስለጻፉልኝ ደብዳቤም እግዜር ይስጥልኝ፤ ደህና ነው ተብያለሁ፣ ስለዚህ ማየቴን እቀጥላለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ግን የቀዶ ሕክምና ቀኗ አልፎባታል። ይባስ ብሎ መዝገቧ ላይ «በታካሚዋ ጉድለት ተራዋን ያጣች» ተብሎ ተጽፎባት ወደ መጨረሻ ወርዳለች፤ ተራዋ ከሰባት ወር በኋላ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ውጤቷን ሦስቴ የሰረዘው የእኔ ጣት ነውና አፍራለሁ፤ ኮሪደር ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ። ቀኗን ሊመልስላት የሚችለው «ፕሮግራሙ ባዶ መስመሮችን አይቆጥርም፤ ጉድለቱ የታካሚዋ አልነበረም» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ነው። ማኅተሙ በማን መሳቢያ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ያህል አጭር ነገር ለመጻፍ አምስት ሳምንት መፍጀቱ በወረቀት እጥረት ብቻ እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ።

በቆጠሩት ልክ ዕድሜ፣ በዘለሉትም ልክ ትዝታ እንዲሰጥዎ የምመኝ፣ ከማክበር ለአፍታ ያልቦዘንሁ ታዛዥዎ፣
የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ

ማስታወሻ፤ ፕሮግራምዎ ዛሬ ጠዋት «መስመር 88» ብሏል። ገልጬ ባየው በሰማንያ ስምንተኛው መስመር ላይ የቀዶ ሕክምና ተራዎን እየጠበቁ የተቀመጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ባዶ መስመር አይቆጠርም የሚሉ ከሆነ እስከዚያ ስምንት ባዶ ስላለ ስህተቱ ያለው ከእርስዎ ስምንት መስመር ዝቅ ብሎ ባለ ሰው ላይ ነውና፣ ይህንኑ በማኅተም ጽፈው ይላኩልኝ፤ አንዱን ቅጂ ለልብስ ሰፊዋ አደርሳለሁ። እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሰኝ ግን መመሪያዎን አክብሬ ውጤትዎን እሰርዛለሁ። ደም መስጫው ጋ ወረፋ ስለሚበዛ ነገ ማልደው ቢመጡ ይሻላል።