እናትሽ መቼ ተቀመጠች?

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናና ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። የላክሽልኝ ካልሲ ጠቦኛል፤ የተናደድኩት በእሱ ነው ብዬ ልዋሽሽና ልጀምር።

የተናደድኩትስ በአንቺ ነው! በእናትሽ ስልክ ላይ የጫንሽው የካሎሪ መቁጠሪያ ስለ ኑሮዋ ሲጠይቅሽ፣ "ቀኑን ተቀምጣ የምትውል" ብለሽ ሞላሽ። የሆቴል አንሶላ የምታጥብ ሴት መቼ ተቀመጠች? ብትጠይቅሽም፣ "እማዬ፣ ሥራ ስፖርት አይደለም፤ አይቆጠርም" አልሻት። መቁጠሪያው "ምግብ ቀንሺ" ሲላት፣ እሷም አንቺን አምና እራቷን ተወች። ትናንት እርጥብ አንሶላ እንደታቀፈች ወደቀች። ሐኪሙ ሌላ በሽታ አላገኘባትም፤ "ርሃብ ነው፤ ትብላ፣ ትተኛ" አለ። እኔ ወንበር ላይ ሰዓት እየጠገንኩ ቦርጬን ሳሳድግ የምትራበው እሷ!

ስፖርት በይው አትበይው፣ የወጣ ጉልበት ወጥቷል። እባክሽ ዛሬውኑ ደውለሽ "ብዪ" በያት፤ እኔን አትሰማኝም። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ትንሽ ልብም ይጨምርልሽ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

እናትሽ ናት! ተኝታለች ያልኳት ሴትዮ ሦስት ፎቅ ወጥታ፣ እያለከለከች፣ "ጋሼ፣ ለልጄ እንዳትነግራት" ትለኛለች። ይህ ደረጃስ አይቆጠርም?

ወንበር ሰጥቻታለሁ። አሁን "ተቀምጣለች" ብለሽ ሙይ።

አጎትሽ