ያልተላጨው ጎፈሬ

እሑድ፣ ጥር 17

ስማ ደብተር። ዛሬም እኔው ነኝ። የማታ ት/ት ከጨረስሁ ወዲህ በመንደሩ እንደ እኔ የሚጽፍ የለም። ቄሱ እንኳ ስማቸውን ሲጽፉ ላብ ያጠምቃቸዋል።

እርቁ ሆነ! ታናሽ ወንድሜ ማሩ በመስኖ ውሃ ፀብ የደሴን ወንድም በዱላ ገደለ። እስሩን ጨርሶም ደም ፈርቶ ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ተቀመጠ። ዛሬ በእሱ ፈንታ ድንጋይ ተሸክሜ ደሴ እግር ላይ ወደቅሁ። አነሳኝ። ለመሐላው ጠመንጃ ተሻገርን፣ ከአንድ ትሪ በላን። እናቴ እልል አለች።

አንድ ነገር ቀረ። ደሴ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ፀጉሩን አልተላጨም። በእኛ አገር ወይ ታርቆ ወይ ደም መልሶ ነው የሚላጭ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ቢተው ምላጭ አቀረቡ። ደሴ «ቤቴ ገብቼ በገዛ እናቴ ፊት ካልሆነ አልላጭም» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ መቼ ዝም እላለሁ!

«ተዉት አያ ቢተው፣ ቅማሎቹም ይምከሩበት!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ምላጩ ወደ ኪስ ተመለሰ። ደሴ ብቻ አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ 19

ገበያ ላይ ደሴን አገኘሁት። ጎፈሬው እንዳለ ነው። ሸጋ ሰላምታ ሰጠኝ። ማሩ መቼ ይመጣል አለ። ሐሙስ፣ ለማርያም፣ በጧቱ መኪና አልሁት።

አፌ ይቆረጥ። ምነው ጠየቀ?

ረቡዕ፣ 20

አያ ቢተው ዘንድ ሄድሁ። ደሴ ይላጭልን አልሁ። ተቆጡ። ማለ፣ በላ፣ ሌላ ምን ትሻለህ፤ ደግሞስ ያሳቅኸን አንተ አይደለህም ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ለማሩ ደወልሁ። ጥቂት ሰንብት ብለው ሳቀብኝ፤ የእናቱ ጠላ ናፍቆታል። እናቴም ልጄን ዳግመኛ ልትነሳኝ ነው ወይ ብላ አለቀሰች። ዝም አልሁ። እኔ! ዝም!

ሐሙስ፣ 21። ከጧቱ 4 ሰ.

መኪናው አልፏል፣ ድምፁን ሰምቻለሁ። ከአስፋልቱ እኛ ቤት ለመድረስ ባሕር ዛፉን ማቋረጥ ብቻ ነው። ማሩ የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም።

5 ሰ.

ደሴ መጣ። ራሱን ተላጭቷል። ምላጩ የቧጨረው ቦታ ገና ያዣል። እናቴ አይታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ታረቀልን ብላ። ግባ ብትለው እምቢ አለ፤ እንድታዩኝ ብዬ ነው አለ። ማሩን አይተኸዋል ወይ አልሁት። ራሱን ዳበሰና ሄደ።

ከአጥሩ ሥር ሆኜ ደግሜ ደወልሁ። የማሩ ስልክ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ሲጠራ ይሰማል።

እናቴ አሁንም እልል ትላለች። ልሄድ ነው። ስመለስ ምን ብዬ—