ከቁም ሣጥንህ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ወገብህ ተሻለው ወይስ ዛሬም አንተ “ደህና ነኝ” እያልክ ባለቤትህ ናት የምታሽልህ? ልጆቹስ? የትልቋ የፊት ጥርሶች በቀሉ? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። “ደህና ነን” ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እማዬን ሳል እንደያዛት በስልክ ስነግርህ “ማር ስጧት” ብለኸኝ ነበር። ሰጠናት፤ ሳሉ ማሩን በልቶ ወፈረ። በመጨረሻ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ ስታበቃ የጠየቀችን ስለ ቤታችን ነው። “የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው?” አለች። እማዬ ቤቷን የሰደቡባት መስሏት እስከ ደጃችን ድረስ አኩርፋ መጣች።

አንተ ከሄድክ ወዲህ እማዬ የምትተኛው ክፍልህ ውስጥ መሆኑን ታውቃለህ። ያልነገርንህ፣ መስኮቱን አንድም ቀን ከፍታው እንደማታውቅ ነው። ሽታህ እንዳይወጣባት ነው። ቁም ሣጥንህም ልብሶችህን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል፤ የሚነካው ሰው ወዮለት። ጎረቤት ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጋ “እስቲ አሽትቱ፣ ልጄ አሁን የወጣ አይመስልም?” ትላለች። ሁሉም “ይመስላል” ይላል። ምን ይበላት?

በኮሪደሩ በኩል የዚያው ግድግዳ ቀለም ከታች አብጦ ይላጥ ነበር። ጣሪያ ሠሪው ዝናብ ነው ብሎ ቆርቆሮውን ደፈነልን። እኛም ቀለም ቀባንበት፤ እንደገና አበጠ። በበጋም፣ ሰማዩ ጠብታ ሳያወርድ፣ እርጥበቱ ጉልበቴ ድረስ ወጣ፤ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄትም አወጣ። ከሐኪሟ ስንመለስ ግድግዳውን ቆሜ ሳየው፣ ከጣሪያ ቢመጣ ኖሮ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር፣ ይህ ግን ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው አልኩ። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪውን አየሁት፤ ይዞራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ሄጄ ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራሁት፤ ያንን ሰፈሩ “ቀስ በሉ” የሚለውን።

እማዬ ቁም ሣጥኑ እንዲነሳ የፈቀደችው በስንት ልመና ነው። ስንስበው የጀርባው ጣውላ እንደ ራሰ ዳቦ እጃችን ላይ ቀረ። ግድግዳው ጠቁሯል። ለምርቃትህ የገዛችልህ ኮት አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። “ቀስ በሉ” ግድግዳውን ሲፈለፍል ወደ ሻወሩ የሚያልፈው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ዝጎ ጠብ ጠብ ሲል አገኘው። ጥፋቱ የቧንቧው ነው፣ ያባሰው ግን አየር ማጣቱ ነው አለን፤ መስኮቱ ቢከፈት፣ ዕቃውም ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ቢል ቶሎ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ክፋት ሳያስብ “እትዬ፣ ይሄ ሽታ እኮ የሻጋታ ነው፤ ስንት ዓመት ሲተነፍሱት ኖሩ?” አላት።

እማዬ አልጋህ ላይ ተቀመጠች። ኮትህን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ “ታዲያ የልጄ ሽታ የቱ ነበር?” አለች። የጠየቀችው እሱን ነው፤ ያውቅ ይመስል። እሱም ፒንሳውን በእጁ እንደያዘ ፒንሳ ፍለጋ ጎንበስ አለ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ቧንቧው ተቀይሯል፤ ግድግዳውም ልስኑ ተነስቶለት እየደረቀ ነው። እማዬ ከእኔ ጋር ትተኛለች። ልብሶችህን ሁሉ ስናወጣ አንዱን እንኳ አስቀሩልኝ አላለችም። ብትቆጣ፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለጎረቤት ስለ አንተ ማውራትም ትታለች። ሐኪሟ እኔን ለብቻዬ ጠርታ ሳንባዋ በጣም ተጎድቷል፣ የሚናፍቃት ሰው ካለ ቶሎ ይምጣ ብላኛለች። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ እኛንም ቀለም እያስቀባ አሳሳቀን።

ያልታጠበ ሸሚዝ ላክልን ልልህ ነበር። ተውኩት። ሸሚዙንም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት እንደገና ልትጠብቅህ ነው። ወንድሜ፣ ሥራውም የመኖሪያ ወረቀቱም እንደሚይዙህ አውቃለሁ፤ ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት። ግን ራስህ ና። አንገትህን ታሽትት።

ባለቤትህን ከእህትነት ፍቅር ጋር ሰላም በልልኝ፤ ወገብህን ስላሸች እጇ ይባረክ። ትልቋን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። ትንሹን፣ አክስት እንዳለችው ንገረው። ባለቤቴ እጅ ይነሳሃል፤ ልጆቼም ያላዩህን አጎታቸውን ሰላም ይላሉ። የእማዬን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም። “ምን አለችህ ልበለው?” ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ “ሲመጣ ራሴ እለዋለሁ” አለችኝ።

እህትህ

ከእናታችን ቤት፣
ኅዳር ፱ ቀን